ወሰኔ የፈራችው ሽልማት

ኃይለመስቀል በዘመሮ ከተማ ዙሪያ የታወቀ ግንበኛ ነበር፤ እሱ የካበው ድንጋይ አይነቃነቅም ይባልለት ነበር። አረቄ እጁን ማንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ሥራ ሸሸው፤ ቤቱን የያዘው ሚስቱ ወሰኔ የምትፈትለው ሱፍ ሆነ። የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ ባናውን፣ ሸጦ ጠጣ። የሰርጓን ቀሚስ ሸጦ ጠጣ። ስለዚህ ወሰኔ ወደ ቤት የገባ ነገር ሁሉ ነገ የሚወጣ ይመስላታል።

በጤና ጣቢያው ነርስ ፀደንያ አዲስ ሕክምና ጀምራ ነበር። መጠጥ ለማቆም የመጣ ሰው ትንሽ መሣሪያ ላይ እፍ ይላል፤ ትንፋሹ አረቄ ከሌለበት ከሳፋ ውስጥ ዕጣ ያወጣል። አብዛኛው ወረቀት «በርቱ» ብቻ ይላል። ሳሙና የደረሰው አለ፣ ብርድ ልብስ የደረሰው አለ። አንዱ ዕጣ ደግሞ በግ ነው። ኃይለመስቀልም ለመታከም ይመላለስ ጀመር።

«አልጠጣም ላለ ሰው ሽልማት ምን ይባላል?» አለቻት ወሰኔ።

«ሰውነቱ አረቄን ደስታ ብሎ ለምዶታል፣ እትዬ። ሌላ ደስታ እስኪለምድ እናግዘው ብለን ነው።»

ከፋሲካ በኋላ በጓ ለኃይለመስቀል ደረሰች። ያልወለደች፣ ነጭ። ጎረቤት እልል ሲል ወሰኔ የበጓን ዋጋ በልቧ አሰላች። ሳሙና ሸጦ የሚሰክር የለም፤ በግ ግን ስንት ቀን ታጠጣለች!

አንድ የገበያ ቀን ውሃ ቀድታ ስትመለስ በረቱ ባዶ ነው። ባሏም የለም። ጀሪካኑን ጥላ በጉሙ ውስጥ ወደ አረቄ ቤቱ ሮጠች፤ ሲሰክር የሚስቀውን ሳቅ እንዳትሰማ እየፈራች።

አጥሩ ጋ ቆሟል። የበጓን ገመድ ጨብጧል፤ በዚያ ብርድ ግንባሩ አልቦታል።

«ልሸጣት ነው የመጣሁት» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። «ገዥም አላጣሁ። እግሬ ግን እንቢ አለኝ። ወደ ውስጥ አልገባ፣ ወደ ቤት አልመለስ። ወሰኔ፣ ሳቢኝ።»

ገመዱን ትታ እጁን ያዘች። ወደ ቤትም ሳበችው፤ በጓ ከኋላ ተከተለች።

ክረምቱ ሲገባ የዕጣው ገንዘብ አለቀና ሳፋው ተነሣ።

«ዕጣ የለንም፣ ጋሽ ኃይለመስቀል» አለችው ፀደንያ። «እፍ ለማለት ግን ይምጡ።»

ይሄዳል። ድንጋይ መካብም ጀምሯል። ወሰኔ አሁንም ሲዘገይባት ደጅ ወጥታ ትቆማለች። እሱም ፍርሃቱን አይደብቃትም፤ በገበያ ቀን «አብረን እንሂድ» ይላታል፣ በአረቄ ቤቱ በኩል በማያልፈው በታችኛው መንገድ።