የበቅሎዋ ጉርሻ

ትናንት እዚህ ኤልኤ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንዱ የሐበሻ ምግብ ቤት ገና እግሬን ሳስገባ አስተናጋጇ «አየንሽ፣ አየንሽ! የጉርሻሽ ፎቶ ሲያምር!» አለችኝ። እስቲ የፎቶውን ጉድ ልንገራችሁ።

ባለፈው ሳምንት ከእጮኛዬ ከሳሚ ጋር ከኤልኤ ተነስተን ሜሪላንድ ሄድን፤ እናቱን እትዬ ብርቄን ልተዋወቅ። አክባሪ ሰው ነው የሚወዱት ስለተባልኩ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። እሳቸውም ቋንጣ ፍርፍር ቋጥረው ተራራ ሥር ወዳለች አንዲት አሮጌ ከተማ ወሰዱን። ድሮ ባቡሩና የጀልባ ቦዩ የሚገናኙባት ከተማ ናት። አሁን ቱሪስት በእንፋሎት ባቡር ተራራውን ይወጣል፣ ቦዩ ላይ ደግሞ በቅሎ በገመድ የምትጎትተው ጀልባ አለ።

ባቡሩ እስኪነሳ በቅሎዋን ልናይ ሄድን። ሳሚ ፖም በመዳፉ አበላት። እሷም ፖሙን ጨርሳ እጁን እስከ አንጓው ላሰችው... አረንጓዴ ለሃጭ በጣቶቹ መሃል ተዝረከረከ። እሱ እቴ! ጂንሱ ላይ ጠረግ ጠረግ አደረገና «ሶ፣ ምሳ እንብላ?» አለ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እትዬ ብርቄ ምግቡን ከፈቱት። ሳሚ በዚያው እጁ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፌ!

«እጅህን ታጥበሃል?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ሳኒታይዘር እኮ መኪና ውስጥ አለኝ።»

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ... ያው ነው።

እትዬ ብርቄ ስልካቸውን ደግነው «በሞቴ፣ ጉረሺለት!» አሉ። ምን ላድርግ? በመጀመሪያ ቀን፣ እናቱ ፊት፣ ጉርሻ ልመልስ? ዓይኔን ጨፍኜ ጎረስኩ። ቋንጣው የእርጥብ ሣርና የጋጣ ጣዕም ነበረው። ልውጠው ስል ተመለሰብኝ... እንደገና ዋጥኩት።

«አንድማ ያጣላል፣ ድገማት!» አሉ እትዬ። ደገመኝ።

ከዚያ ሌላ ጠቅልሎ ወደ እናቱ ዞረ። ይሄንንስ አልቻልኩም፣ ትልቅ ሰው ናቸው። «እትዬ፣ እጁን እኮ በቅሎዋ ልሳዋለች!» ብዬ ጮህኩ።

እሳቸው ፈገግ ብለው ከቦርሳቸው ሹካ አወጡ።

«አይቻለሁ። እኔ የሱን ጉርሻ ከተውኩ ቆየሁ።»

«ታዲያ እኔን ምነው ዝም አሉኝ?»

«ልጄን ትወጂው እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ!»

ባቡሩ ተራራውን ሲወጣ ሰው ሁሉ ገደሉንና ዋሻውን እያየ ይደነቃል። እኔ አፌን በውሃ ስጉመጠመጥ ደረስን። ሆቴላችን እስክንደርስ ሳሚ እጄን ሊይዝ ባለ ቁጥር ዘልዬ ነው የሸሸሁት።

እትዬ ብርቄ ፎቶውን ያን ዕለት ስሜን አያይዘው ፌስቡክ ላይ ለጠፉት። ከሥሩ «ምራቴ» ብለው ጽፈዋል። የፌርፋክስ ሰው ሁሉ ዓይኔን የጨፈንኩት በፍቅር መስሎት ልብ ይልካል።

ምራት የሆንኩት በምራቅ መሆኑን የምናውቀው እኛ ሦስታችንና በቅሎዋ ነን።