የልብስ ሰፊው እንቅልፍ

ጎረቤቱ ሁሉ ጋሽ መብረቅ የሚለው ዛሬ ፈጣን ስለሆነ አይደለም። ዛሬማ አንድ ሱሪ ለማሳጠር ሁለት ቀን የሚያስጠብቅ፣ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚያንቀላፋ የስልሳ ዓመት ልብስ ሰፊ ነው። ቅጽል ስሙ የቀረው ከድሮው ነው። ድሮ፣ ሴት ልጁ ገና አራት ዓመቷ ሳለ፣ ሰባት የሚዜ ቀሚስ በሦስት ቀን ሰፍቶ አስረክቧል። በእነዚያ ሦስት ቀናት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዐይኑ አልዞረም።

«ያኔ እኮ ጨርቁ ራሱ ያወራኝ ነበር» ይላል ሰሚ ባገኘ ቁጥር። «መቀሱን ሳነሳ ልኩን እጄ ያውቀዋል። ሜትር ምን ያደርግልኛል!» እውነቱን ለመናገር ያ ጊዜ ይናፍቀዋል፤ የሞተ ወዳጅ የሚናፈቀውን ያህል ይናፍቀዋል።

የማያወራው ቀሪውን ነው። በአራተኛው ቀን የደንበኞቹን ልብስ መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ አድሎ፣ ባዶ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲስቅ ተገኘ። ከዚያ ሦስት ወር አልጋ ላይ ዋለ። ሐኪሙ ባይፖላር ነው አለ፤ ስሜትን አንዴ ሰማይ የሚሰቅል፣ አንዴ መሬት የሚጥል ሕመም። «እንቅልፍ ሲጎድል ሕመሙ ይቀሰቀሳል፤ ሲቀሰቀስ ደግሞ እንቅልፉ ጭራሽ ይጠፋል። ሁለት ሌሊት ካልተኙ ሦስተኛውን አይጠብቁ፣ ይምጡ» አለው።

ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ አንድ ደንብ አወጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጋሽ መብረቅ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና ቺንጋ፣ መኪናውን የሚያዞረውን የቆዳ ጠፍር፣ በገዛ እጁ ፈትቶ ለሚስቱ ያስረክባል። ቺንጋ የሌለው መኪና ቢረግጡት አይዞርም። እሷም ትራሷ ሥር ሸጉጣው ታድራለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ልጅቱ ልታገባ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነገር መጣ። አባትየው የሙሽራ ቀሚሷን ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለገም፤ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ያቀዘቀዘኝ ሐኪሙ ያዘዘልኝ የማታ ኪኒን ነው አለ።

«ለአንድ ሳምንት ብቻ ቺንጋውን ተዪልኝ» ብሎ ሚስቱን ለመናት። «ኪኒኑንም ለጊዜው ልተወው። የድሮው እጄ ይመለስልኝና ልጄን እንደ ንግሥት ላልብሳት።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ሚስቱ። ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፤ ቀልዱ ግን አልሆነላትም። «አንተ ሳትተኛ እኔ የምተኛ ይመስልህ ነበር?»

«ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን ያኔ ቤታችን ደስታ ነበር። እስቲ እሷን ጠይቂያት፣ ስትጨፍርልኝ ነበር የምትውለው።»

ልጅቱ በግማሽ የተሰፋውን ቀሚስ ለብሳ፣ ለልኬት በርጩማ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ እኔ ጭፈራውን አላስታውስም» አለች። «የማስታውሰው ጀርባህን ነው። ወደ ግድግዳው ዞረህ ትተኛለህ፤ እማዬ ሥራ ስትሄድ ‹እሱን እያየሽው ቆዪ› ትለኛለች። እኔም ትተነፍስ እንደሆነ ለማወቅ እጄን ጀርባህ ላይ አድርጌ እውላለሁ። ቀሚሱ ይቅርብኝ፣ አንተ አትቅርብኝ።»

ጋሽ መብረቅ በከንፈሩ የያዛቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ዘመን የናፈቀው እሱ ብቻ እንደነበር ገባው። እዚያው በርጩማው ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ማታ ኪኒኑን ዋጠና በሰዓቱ ተኛ።

ቀሚሱን በቀን ብርሃን ብቻ ሰፋው፤ እየለካ፣ እያበላሸ፣ እየፈታ። የሰርጉ ጠዋት ሲደርስ የታችኛው ጠርዝ ገና በጊዜያዊ ስፌት በእጅ እንደተወሰወሰ ነበር፤ ሙሽራዋም ከነውስወሳው ለብሳው ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ ከዐይኗ ምንም የማያመልጥ አንዲት የጥንት ደንበኛው ጎንበስ ብላ ጠርዙን አየችና ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«አንተ መብረቅ! ሰባት ቀሚስ በሦስት ቀን የጨረስክ ሰውዬ፣ የገዛ ልጅህ አንድ ቀሚስ ያቅትህ? ምን ነካህ?»

«መሸብኝ» አላት፣ ዐይኑን ከልጁ ሳይነቅል። «መሸብኝና ተኛሁ።»