የእማዬ አደራ ሂማላያ ላይ

ዛሬ ጠዋት ሂማላያ፣ ተራራ አናት ላይ፣ አንድ ኔፓላዊ በአማርኛ ተቆጣኝ።

ፎቶ ልነሳ ብዬ የታሰርኩበትን ገመድ ልፈታ ስል፣ መንገድ መሪዬ ፓሳንግ እጄን ለቀም አድርጎ «አደራ!» አለኝ። ሌላ አማርኛ አያውቅም።

ያስተማረችው እናቴ ናት። ጉዞ ከመጀመራችን በፊት ከምትኖርበት ከጄኔቫ በቪዲዮ ደውላ «ልጄን አደራ! አንተም ልጄ ነህ» አለችው። ትርጉሙን ስነግረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃሏን ደጋግሞ አጠናት።

(ተራራው ለጀማሪ ይሆናል ተብሎ ነው የመጣሁት። እኔ ግን የምኖርባት የዲቲኮን ከተማ ባቡር ጣቢያ ደረጃ እንኳ የሚያስለከልከኝ ሰው ነኝ።)

ወርደን ኔትወርክ እንዳገኘን ለእማዬ ደወልን። ፓሳንግ ወደ እኔ እየጠቆመ «አደራ» አላት፣ ሲያስረክባት።

እማዬ በጄኔቫው ካሩዥ ሰፈር ትራም ውስጥ ነበረች። እልልታዋን አቀለጠችው! ያ ትራም እልልታ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ለእሱ እናትስ ደወላችሁላት?» አለች።

ስተረጉምለት ፓሳንግ የራሱን ስልክ አወጣ። ስንቱን ሰው አውጥቶ ሲያወርድ፣ ይህን የጠየቀው የለም።

እስቲ እናንተንስ እናታችሁ ለየትኛው ባዕድ ሰው ነው አደራ የሰጠቻችሁ? ጻፉልኝ፣ ጊዜ አለኝ። ፓሳንግ ጥግ ይዞ ገና ከእናቱ ጋር እያወራ ነው።