አያቴ የነቀሉት ቀርከሃ

ውሃውን ዘግተነው የእኛ ቀርከሃ ቆሟል። ከወንዙ ማዶ ያለው ግን አሁንም ይመታል።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው ማሳችን ነው የምጽፍላችሁ። ዝንጀሮ በቆሎውን ሊጨርስብን ስለሆነ፣ አያቴ በወጣትነታቸው የፈጠሩትን ማስፈራሪያ ዛሬ መልሼ ሠራሁት።

ነገሩ ወፍራም ቀርከሃ ነው። ከቦዩ የሚወርደው ውሃ ሲሞላው ያዘነብልና ይደፋዋል። ባዶ ሲሆን ወደ ቦታው ይመለስና ጭራው ድንጋይ ይመታል። ቋ!

ዝንጀሮዎቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። እኔም ቪዲዮ ልቀርጽ ስልኬን አወጣሁ። (ፀጉሬን ሁሉ አስተካክዬ ነበር።)

ከዚያ ከማዶ መለሰ። ቋ!

የገደል ማሚቶ ነው ብዬ ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን የእኔው ገና ውሃ ሳይሞላ የማዶው ቀድሞ መታ። ማዶ ደን ብቻ ነው፤ የሚኖርበት ሰው የለም።

የአያቴ የልጅነት ጓደኛ አያ ሞላ ድምፁን ሰምተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው እየተጣደፉ መጡ።

"ማን ትከል አለህ?"

"ተበላሽቶ የተተወ መስሎኝ ነው፣ አያ።"

"ምኑ ተበላሸ? ደህና እየሠራ ነው አያትህ የነቀለው።"

"ለምን ነቀሉት?"

አያ ሞላ ጎንበስ ብለው ቦዩን በጭቃ ደፈኑና ወደ ማዶ አዩ። "አንተም ሰማኸው አይደል?" አሉኝ ቀስ ብለው።

አባቶች የተዉትን ነገር መልሳችሁ የሠራችሁ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ። ለምን እንደተዉት አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ነበር?

ቶሎ መልሱልኝ። ድምፁ የሚመጣው ቅድም ከደኑ ውስጥ ነበር፤ አሁን ከወንዙ ዳር ነው።