አንገቴ ላይ የኖረው ክታብ

አትላንታ ውስጥ አንድ የምርምር ላብራቶሪ ውስጥ ጽዳት እሠራለሁ። እዚያ የምትመራመር ሜሮን የምትባል የአገሬ ልጅ አለች። ከልዩ ዱቄት ጋር ቀላቅላ የምትሠራው ስስ ፕላስቲክ ራጅ ሲያርፍበት ያበራል። ያንን ብርሃን ካሜራ ሲያነሳው፣ ዕቃ ውስጥ የተደበቀ ነገር ስክሪን ላይ ይታያል።

«ጋሼ ታደሰ፣ ቴስት የማደርገው ነገር የለህም?» አለችኝ አንድ ቀን።

እጄ ሳላስበው ወደ አንገቴ ሄደ። ወደ አሜሪካ ስመጣ እናቴ በቆዳ ሰፍታ ያሰረችልኝ ክታብ አለ። ከተከፈተ ኃይሉ ይጠፋል ብላ አስምላኛለች። አንዳንዴ ደረቴን ወጋ ያደርገኛል፤ ያኔ ከፊቴ ክፉ ነገር አለ ብዬ በሌላ መንገድ እነዳለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል።

«ሳይከፈት ይታያል?» ስል ጠየቅኳት።

«አዎ! ጀስት ስካን ነው የማደርገው።»

ሰጠኋት። የራጁ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ በሩን ሎክ አደረገችው። እኔ አማተብኩ። ስክሪኑ ላይ ቆዳው እንደ ጉም ሳሳ፤ መሀሉ ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ወጣች። ጫፏ ቀዳዳ አለው።

መርፌ!

እናቴ ያኔ ክታቡን ልትሰፋ ከጎረቤታችን ከእትዬ በላይነሽ የተዋሰቻት መርፌ። «መልሼልሻለሁ»፣ «አልመለስሽልኝም» ተባብለው እስከ ዛሬ የተኳረፉባት።

ወዲያው ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

«በል እንዳትከፍተው» አለችኝ። «ለበላይነሽም ትንፍሽ እንዳትል!»