ከአዋሳ ሻሸመኔ፣ ስትቀዘቅዝ በምታስል መኪና

ከታቦር ሰፈር የተነሳሁት ልጄን ላስመልስ ነው። ታምራትን ሐሙስ ዕለት ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ አፈሱብኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሻሸመኔ ካስገቡት ግቢ ስሄድ አንድ የመቶ አለቃ፣ «ዕድሜው አለመድረሱን የሚያስረዳ ወረቀት ካለሽ ቅዳሜ ጧት አንድ ሰዓት ሳይሞላ አምጪ፤ ከዚያ ካሚዮኑ ይነሳል» አለኝ። የተወለደበትን የክሊኒክ ካርድ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ።

አውቶቡስ እስኪሞላ አይጠበቅም። ጎረቤቴ ጋሽ ከድር፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ በመኪናቸው ሊያደርሱኝ እሺ አሉ። ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ የሸጠላቸው የውጭ መኪና ናት።

ቅዳሜ ንጋት፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ግን ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ፣ ነጭ ጭስ ተፋና ጠፋ።

«የሐይቁ እርጥበት ገብቶባት ነው» አሉ ጋሽ ከድር። ኮፈኑን ከፍተው እሳት የሚለኩሱትን አራቱንም ካንዴላ ፈቱ፣ ጠረጉ፣ በብረት ብሩሽ ፋቁ። አንዱን አሸተቱት። «ምን ይሸተኛል?»

ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩበትን ልንገራችሁ። ቤንዚን በራሽን ስለሆነ፣ ጋሽ ከድር ያጠራቀሙትን አንድ ጀሪካን እኔ ቤት ደብቀው ነበር። ባለፈው ሳምንት የቀበሌ ፍተሻ ሲመጣ ደነገጥኩና ሽታውን እንዲሸፍንልኝ ላምባ ገለበጥኩበት። ፈታሾቹ አሽትተው፣ የመብራት ላምባ ነው ስላቸው አምነው ሄዱ። ትናንት ማታ ጋሽ ከድር ያንኑ ወስደው መኪናዋ ውስጥ ቀዱት። ልንገራቸው አልኩና፣ ተናደው ቢተዉኝስ ብዬ ዋጥኩት።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ኬላ

እያሳለች ጥቁር ውሃ ደረሰች። የኬላው ጠባቂ፣ «ሞተር አጥፋና ወረቀት አምጣ» አለ።

«ልጄ፣ ካጠፋኋት አትነሳም።»

«ታዲያ በቅሎ አትገዛም?»

አጠፏት። እንዳሉትም እምቢ አለች። ሲሞክሩ፣ ስንገፋ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ያኔ ነገርኳቸው።

ጋሽ ከድር ቆም ብለው አዩኝ። «የታምራት እናት፣ ላምባ በቀዝቃዛ ሞተር በደንብ አይነድም፤ ሲሞቅ ነው። ላምባ መግባቱን እያወቅሽ ካንዴላ ታስፈቺኛለሽ?»

ከወንበሩ ሥር ንጹህ ቤንዚን የያዘች ጠርሙስ አወጡ። ካርቡራተሩ ላይ ጠብ አደረጉና ቁልፉን አዞሩ። ተነሳች። እስክትሞቅ ቤንዚን እየሰጡ አቆዩዋት። ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

አንድ ሰዓት ከሃያ፣ ሻሸመኔ

ግቢው ባዶ ነበር። ወፎች የዳቦ ፍርፋሪ ይለቅማሉ። ዘበኛው ካርዱን አገላብጦ አየው።

«ደህና ወረቀት ነው፣ እናቴ። ካሚዮኖቹ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ወጡ። የመቶ አለቃው እስከ መጨረሻው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ወረቀት ያመጡ ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ።»

«እንከተላቸው» አልኩ።

«የይለፍ ወረቀታችን እስከዚህ ነው» አሉ ጋሽ ከድር፣ ዝግ ብለው።

መልስ

መኪናዋ ሞቃለች፤ እስከ አዋሳ አንዴም አላሳለችም። ኬላውን ስናልፍ ጋሽ ከድር፣ «ብትነግሪኝ እኮ አልተውሽም ነበር» አሉኝ።

ቤቴ ስገባ ጎረቤቶች ተሰብስበው ጠበቁኝ። መኪና ተበላሸብን ብዬ አልዋሸሁም። ከዚህ መንገድ የተማርኩት ይህ ነው፦ ሰው ክፉውን ሲፈራ ከርሞ ደጉንም መፍራት ይለምዳል። ቀበሌን ፈርቼ ላምባ ጨመርኩ፤ ጋሽ ከድርን ፈርቼ ዝም አልኩ። ልጄን ያሳጣኝ ሁለተኛው ነው።