ዘንዶው የደፋው ባርኔጣ

የላንላን እናት ስሟ ቻይ ሱዬ ነበር። በሃዎ ሸለቆ ግን በስሟ የጠራት ሰው አላውቅም። ባሏ በሕይወት ሳለ «የጂንሻን ሚስት» ትባል ነበር፤ እሱ ሲሞት «የላንላን እናት» ሆነች። ላንላን ከሄደች ወዲያ የምትጠራበት ስም ጠፋና፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኛት «እ... አንቺ» ብቻ ብሎ ያልፋት ጀመር። እኔ ልናገርላት የተነሳሁት ሌላ የሚናገርላት ስለሌለ ነው። ቤታችን በአንድ ገደል ላይ ጎን ለጎን የተፈለፈለ ነው። ሳሏ በግድግዳው አልፎ እኔ ጋ ይመጣል፤ ዘፈኔ በግድግዳው አልፎ እሷ ጋ ይሄዳል።

የኛ አገር ሰው ሐዘኑን የሚያወጣው በሁለት ስንኝ ነው፤ አንዱን ስንኝ ለገደሉ፣ አንዱን ለልቡ። ማታ መደቡ ሥር እሳት አንድደን ስንቀመጥ እኔ እጀምራለሁ፣ እሷ በቀጭን ድምፅዋ ትቀበለኛለች።

ደመና መጣ ብዬ ማድጋዬን ባወጣ፣
ጥላው ብቻ አለፈ፣ ጠብታውስ አልመጣ።

ጂንሻን የሞተው ውሃ ሲፈልግ ነው። ሰማዩ በተዘጋ በመጀመሪያው ዓመት ጉድጓድ ሲቆፍር የከርሰ ምድሩ ክፉ አየር አፈነው። በገመድ ጎትተን ስናወጣው በከንፈሩ ላይ ያለው አፈር እንኳ ደረቅ ነበር። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የገለባ ባርኔጣው ተቀምጣ ቀረች። የላንላን እናት ባርኔጣዋን ወስዳ ከመደቡ በላይ ሰቀለቻት፤ ላንላንም ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ወደ ላይ አንጋጣ «አባ፣ ደኅና አደርክ?» ትላት ነበር።

ሁለተኛው ዓመት እንደ መጀመሪያው ሆነ። በሦስተኛው ዓመት የማሽላው አጥሚት ከመቅጠኑ የተነሳ ልጅቷ ሳህኑ ውስጥ ፊቷን ታይበት ጀመር። ያን ጊዜ ነው ዌይ የምትባለው አገናኝ ከሜዳው አገር በአህያ የመጣችው። በሜዳው አንድ ጎተራው ያልጎደለ ቤት አለ፤ ትንሽ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ላንላንን አሁን ወስደው አሳድገው ኋላ ለልጃቸው ሚስት ሊያደርጓት፣ ለእናቷም ማሽላ ሊልኩ ነው የሚፈልጉት።

«ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው» አለች የላንላን እናት።

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት አብልተሻታል፣ ይበቃሻል! የቀረውን ደግሞ እነሱ ያብሏት።»

«አንቺ ሴት፣ ልብ የለሽም?»

«ልብማ አለኝ፤ የሌለኝ ጊዜ ነው። እኔ ማሽላ ይዤ መጣሁ እንጂ ማነቆ ይዤ አልመጣሁም። ጨረቃ ስትሞላ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ አስቢበት።»

የላንላን እናት ያን ዕለት ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ እየወለቀ ወደ ሁለተኛ አያት ቤት ሮጠች። ሁለተኛ አያት የምንለው ሃዎ ዴሹን የጎሳችን ታላቅ ነው፤ የጎሳው ጎተራ ቁልፍ ያለው እሱ ወገብ ላይ ነው። ተንበርክካ ለመነችው። ሽማግሌው በዚያ ጸደይ ሁለት የልጅ ልጆቹን ቀብሯል። እንዲህ አላት፦

«ልጅቷ ሃዎ ናት፣ ጎተራውም የሃዎ ነው። ዘንዶው ንጉሥ ነገ ይወጣል። እሱን የሚጠብቅ ጠንካራ ወንድ አላገኘሁም፤ ሁሉም ይዝላል። አንቺ ጠብቂው። ሥራሽን በሚገባ ከሠራሽ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ላንላን ከጎተራው ትበላለች፤ ዌይም አህያዋን ባዶ ይዛ ትመለሳለች።»

«ሰማይ ያክብርዎ፣ ሁለተኛ አያቴ!»

«እኔን ተይኝ። ዘንዶው ይቅመሳት፣ ፀሐይን። እኛ የምንቃጠለውን ይቃጠላት። ያኔ ልብ ይገዛ ይሆናል።»

ልማዱ ይኸው ነው። የዝናብ ጌታ የምንለው የእንጨት ዘንዶ ዕጣን ሲጤስለት፣ ከበሮ ሲመታለት ሰምቶ እንዳልሰማ ከሆነ፣ ከቤቱ ይወጣና ፀሐይ ላይ ይጣላል። ወንዶቹ የአኻያ ቅጠል በራሳቸው ላይ ጠምጥመው በባዶ እግራቸው ተሸከሙት። እኛ ሴቶቹ፣ በተለይ ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ የደረቀውን ኩሬ መሬት በመጥረጊያ ጠረግን፤ አቧራው እንደ ዱቄት ይቦናል።

«አምና እዚህ ጋ አንዲት እንቁራሪት ነበረች» አለች አንዷ።

«የት ሄደች?»

«ያቺ ሆድሽ ውስጥ የምትጮኸው ማን መሰለችሽ?»

ሳቅን። ስንስቅ ከንፈራችን እየተሰነጠቀ ደማ። በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ብቻ ነው የተከለከለው፦ ባርኔጣ። ባርኔጣ መድፋት ፀሐይን «እንኳን ደኅና መጣሽ» ብሎ መቀበል ነው። አንድ መንገደኛ ነጋዴ ባርኔጣውን እንደደፋ በመንደራችን ሲያልፍ ድንጋይ ወርውረንበታል።

ዘንዶው እንጨት ነው፤ ቁመቱ የአምስት ዓመት ልጅ ያህላል። ሁለት ቀንድ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ጢም፣ አረንጓዴ ፊት፣ ሊያለቅስ ሲል የተቆጡት ልጅ የመሰለ አፍ። የላንላን እናት ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ አጥባ፣ በጓሮ ባለው አውድማ መካከል አስቀመጠችው፤ እሷም ፍየልና ልጆችን እያባረረች አጠገቡ ተቀመጠች።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ቢጫ ጢም ያለው የውጭ አገር ሰባኪ በመንደራችን አልፎ ነበር። ሥዕል ከፍቶ አሳየን። በነጭ ፈረስ የተቀመጠ ጎልማሳ ዘንዶን በጦር ይወጋል፤ ዘንዶውም ምላሱን አውጥቶ ከፈረሱ እግር ሥር ተጠቅልሏል። ሰባኪው ደስ ብሎት ነው የሚያሳየው። የላንላን እናት ግን ሥዕሉን ከሁላችንም ይልቅ ረጅም ጊዜ ቆማ አየችና፦

«እሱን ከገደሉት በኋላ ዝናቡን ከማን ይለምናሉ?» አለችው።

አስተርጓሚው ሳቀ እንጂ አልተረጎመላትም። እሷ ግን ያ ሥዕል ከዓይኗ አልወጣም። «እዚያ ይወጉታል፣ እዚህ ያቃጥሉታል» ትል ነበር ማታ ማታ በግድግዳው በኩል። «ይህ ፍጡር የት ይሂድ ታናሼ?»

ዘንዶው በወጣ በጥቂት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ በየገደሉ ቤት ተኝቶ ሳለ የሾርባ ትራፊ ይዤላት ወደ አውድማው ወጣሁ። ያየሁትን ማመን አቃተኝ። የጂንሻን ባርኔጣ በዘንዶው ቀንዶች መካከል ተደፍታለች። የላንላን እናት ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ ራሷ ባዶ ሆኖ፣ እንደ እሹሩሩ እያንጎራጎረችለት ነው።

የወንዙ ባለቤት፣ የደመናው ጌታ፣
ጥላዬን ልበስና አሸልብ ላንድ አፍታ።

«አብደሻል!» አልኳት።

«ቀስ በይ፣ ይነቃብኛል።»

«የሚገድሉሽ እኮ ነው! ልጅሽን አታስቢም?»

«ስለ ልጄ አይደል እንዴ? ጉሮሮው የደረቀ ሰው ያለቅሳል? እንባ ከየት ያመጣል? ጂንሻንን ከጉድጓዱ ስናወጣው ዓይኑ እንኳ ደርቆ ነበር። ይኼንን ካደረቅነው በምኑ ይዘንባል?» ጣቷን አርጥባ ከንፈሩን ነካካችው። ያ ውሃ የራሷ ድርሻ መሆኑን አውቃለሁ። «ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ባርኔጣዋን አወርዳታለሁ። ማንም አያይም።»

ማንም አላየም። እኔም አፌን ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ያለችው ነገር ከሁለተኛ አያት ነገር ይልቅ ልቤ ገብቶ ነበር።

ጨረቃ ልትሞላ ስትቃረብ ከሰሜኑ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ብቅ አለ። ከበሮው ተመታ፤ የታመመ እንኳ በሰው ትከሻ ወጣ። ላንላን ሳህን በራሷ ላይ ይዛ ትዘላለች። ሁለተኛ አያት እየተንቀጠቀጠ መጣና ምስጋና ሊያቀርብ በዘንዶው ፊት ተንበረከከ፤ ግንባሩን ከዘንዶው ግንባር ጋር አገናኘ። እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ከሚገባው በላይ ቆየ።

ሲነሳ ዓይኑ የዘንዶው ፊት ላይ ነበር። የደረቱ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅልሏል፤ ጉንጩ ተልጦ እንጨቱ ተሰንጥቋል። ግንባሩ ግን የባርኔጣዋ ጠርዝ ካረፈበት እስከ ቀንዱ ሥር ትናንት እንደተቀባ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል።

«የላንላን እናት» አለ፤ ድምፁን አላነሳም። «ይህን ግንባር ጥላ የሰጠው ማነው?»

መዋሸት ትችል ነበር። ሰው ሁሉ እንድትዋሽ የፈለገ ይመስለኛል።

«እኔ ነኝ፣ ሁለተኛ አያቴ። ሲቃጠል አየሁት።»

«እኛስ? እኛ ስንቃጠል አላየሽም?»

ደመናው ይህን ሁሉ የሰማ ይመስል ወደ ምሥራቅ ዞሮ በተራራው ትከሻ ላይ ተንሸራተተ፤ ከዚያም ሰማዩ እንደ ታጠበ ብረት ድስት ባዶ ሆኖ አበራ።

«እኛ ቆዳችን እየተላጠ እሱ በጥላ ተንፈላሶ ኖሯል!»

«ዝናቡን ያባረረችው እሷ ናት!»

«ባልዋን ጉድጓድ በላው፣ እኛን ደግሞ እሷ ልትበላን ነው!»

ሁለተኛ አያት እጁን አነሳና ሰው ዝም አለ። ወገቡ ላይ ያለውን ቁልፍ በመዳፉ ሸፈነ። «ለአንቺ ጎተራውን ብከፍት ነገ የሚሰማኝ የለም» አላት፣ ለእሷ ብቻ እንደሚናገር። «ሥራሽን አልሠራሽም። ልጅሽን... ለዌይ ስጫት። እዚያ ቢያንስ ትበላለች።»

ዌይ ቃሏን ጠብቃ መጣች። ላንላን ስለ አህያዋ ጠየቀች፣ ስለ ሜዳው ጠየቀች፤ ስለ ወንዱ ልጅ ግን አልጠየቀችም። መንደሩ ዳር ስንደርስ እናቷ ከብብቷ ባርኔጣዋን አወጣችና በልጇ ራስ ላይ ደፋችላት፤ ሰፍታ እስከ ዓይኗ ወረደች።

«አውልቂያት!» ብሎ ጮኸ ሰው ከኋላችን። ድንጋይ እግሬ አጠገብ አረፈ።

የላንላን እናት ዞር አላለችም። የባርኔጣዋን ገመድ አገጯ ሥር አሰረችላት።

«እማ፣ ዝናብ ሲመጣ ትወስጂኛለሽ?»

«እወስድሻለሁ።»

«ባርኔጣዋን አይተሽ ትለይኛለሽ፣ አይደል?»

«ከሩቅ እለይሻለሁ።»

ሸለቆው ጠመዝማዛ ነው፤ ባርኔጣዋ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትታያለች፣ ከዚያም እንደ አንዲት የማሽላ ፍሬ ሆና ቀረች። ዘፈን ልጀምርላት አፌን ከፈትኩ፤ ሁለተኛውን ስንኝ አጣሁት።

ዝናቡ የመጣው የሚዘራው ዘርም፣ የሚዘራው እጅም ካለቀ በኋላ ነው። የላንላን እናት ጭቃው ሳይደርቅ ወደ ሜዳው ወረደች። ያን ጎተራው ያልጎደለ ቤት በሩ በጭቃ ተደፍኖ አገኘችው፤ ረሃቡ እነሱንም ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወስዷቸዋል። ዌይም ሞታለች። ጎረቤት ሁሉ ጠየቀች፤ ልጅቷን ያስታወሰ የለም፣ ባርኔጣዋን ያስታወሰ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። «ለቁመቷ በጣም ትሰፋ ነበር» አላት። ይህችን ቃል ይዛ ተመለሰች፤ ለዓመታት የምትደጋግመውም እሷኑ ነበር።

ኋላ ሁለተኛ አያት ሞተ፤ እኔም አረጀሁ። ሰማዩ እንደገና ሲዘጋ የዘንዶውን ፊት አጥቦ የሚያወጣ ሰው ተፈለገ። ልማዱን የሚያውቁት ሞተዋል፤ አዲሶቹ ሽማግሎች አፍረው እሷኑ ጠሯት። ማንም ቀለም አልቀባውም ነበር፤ ሌላው አካሉ ነጭ እንጨት ሆኖ ግንባሩ ብቻ አረንጓዴ ነው። እንደ ልጅ አቅፋ አወጣችው። አውድማው መካከል አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች፣ ራሷ ባዶ፣ ጸጉሯ ሳስቶ።

እኩለ ቀን ላይ ወጣሁላት።

«አንድ ነገር ድፊለት» አልኳት። «ዛሬ የሚያይሽ የለም። እኔ ያለኝን ባርኔጣ ላምጣልሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። የተናደደች አይመስልም፤ የደከመች ብቻ።

«ባርኔጣዋማ ወደ ሜዳ ወርዳለች፣ ታናሼ» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትንሽ ነፋስ ተነሳና ከዘንዶው ግንባር ላይ አንዲት አረንጓዴ ቅርፊት ፈነቀለ፤ ቅርፊቷ በአውድማው አቧራ ላይ ስትንከባለል ሁለታችንም አየናት። ልታነሳት አልተነሳችም።